ልጄን በአማርኛ ስጠራት በታይኛ ትመልሳለች

መነሻ ፖስት

ሰላም ለሁላችሁ። ታይላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምኖረው ናኮን ራቻሲማ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ከተማዋን ኮራት ነው የሚላት። ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2010 ዓ.ም. ብቻዬን መጣሁ። በዓመቱ ባለቤቴ ተከተለችኝ። ትልቋ ልጃችን ኅዳር 2012 እዚሁ ተወለደች። ትንሹ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

የማማክራችሁ ስለ ትልቋ ነው። በመጪው ግንቦት የታይላንድ ትምህርት ሲከፈት አንደኛ ክፍል ትገባለች። አኑባን ማለትም መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ዓመት የተማረችው በታይኛ ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር የምትጫወተው በታይኛ ነው። ወንድሟንም በታይኛ ትቆጣዋለች። በእንቅልፍ ልቧ ስታወራ እንኳ ታይኛ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ግን አማርኛ ነው። እኔ ስጠራት ትሰማለች፣ የምላት ይገባታል። መልሱ ግን በታይኛ ነው የሚመጣው። አማርኛ ስትሞክርም መጨረሻው ላይ ካ ትጨምርበታለች። እዚህ አገር ሴት በትህትና ስትናገር ንግግሯን በካ ትዘጋለች፤ ወንዱ ክራፕ ይላል። እና ልጄ ውሃ ስጠኝ ካ ትለኛለች። ለረጅም ጊዜ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ደስታው የጠፋው በገና ዕለት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። ልጄ ሁለት መዳፏን አጋጥማ ጎንበስ አለችላት። ታይላንድ ውስጥ ትልቅ ሰው እጅ የሚነሳው እንዲህ ነው። እናቴ የምትጸልይ መሰላት። ከዚያ ምን እንደበላች ጠየቀቻት። ልጄ በታይኛ ረጅም ታሪክ ነገረቻት፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው ድመት። እናቴ ምን እንዳለች እኔን ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። የእናቴንም ለልጄ ተረጎምኩላት። ነገሩ የገባኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። በእናቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኛለሁ።

የሥራ ቀኔ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ በር ላይ ቆሜ ተማሪ እቀበላለሁ። 2 ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ አንዱ ክፍል ከ40 ልጅ በላይ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆች በሌላ ቋንቋ አፋቸውን እንዲፈቱ እታገላለሁ። ማታ ቤት ስገባ የራሴ ልጅ በእኔ ቋንቋ አፏን አልፈታችም።

ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው እኔ በማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ላስገባት ነው። ኢንተርናሽናል የሚባሉት በዓመት መቶ ሺዎች ባት ስለሚጠይቁ እነሱን አላስብም። ሁለተኛው ባለቤቴና ልጆቹ አዲስ አበባ ይግቡ፣ እኔ እዚህ ቀርቼ ገንዘብ ልላክ የሚል ነው። ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ቋንቋ እስከ ሰባት ዓመት ካልተያዘ አይያዝም ሲባል ሰምቻለሁ። እስያ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልሶቹ

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። እስከ ዛሬ 33 መልስ ተጽፏል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የተባለውን በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ።

1ኛ። የመጀመሪያው መልስ ቺያንግ ማይ ከሚያስተምር ወንድም ነው። የወረቀት ጉዳይ እንዳያስጨንቀኝ ነገረኝ። የታይላንድ ካቢኔ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት ዜግነትም ሆነ ሰነድ የሌለውን ልጅ ጭምር ይቀበላል። የእሱም ሁለት ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ግማሽ እንግሊዝኛ የሆነውን ክፍል ግን ተወው አለኝ። እንግሊዝኛውን ከአባቷ ታገኘዋለች። ለዚያ የምከፍለውን ገንዘብ ለአውሮፕላን ቲኬት ላጠራቅመው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ባንኮክ በቀጥታ ስለሚበር፣ ልጆቹን ከመላክ አያታቸውን ማምጣት ይሻላል ብሎ ያምናል።

2ኛ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት እናት ጻፉልኝ። ልጆቻቸው አሁን ትልልቅ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ያስቆጥሯቸው ነበር። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ያውቁታል። ከአያታቸው ጋር ግን ቁጭ ብለው ማውራት አልቻሉም። አያታቸው ሲያርፉ ትልቁ ልጅ ለቅሶው ላይ የሚባለው ሳይገባው እንደቆመ ነገሩኝ። እሳቸው ፊደሉን ሲያሳድዱ ወሬው እንዳመለጣቸው ነው የሚሰማቸው። ምግብ ሲሠሩ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ መኪና ሲነዱ በእንግሊዝኛ ነበር ያወሩት። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

3ኛ። የቋንቋ ትምህርት ያጠና ሰው አረመኝ። ሰባት ዓመት ላይ የሚዘጋ በር የለም። ልጅ ሁለትም ሦስትም ቋንቋ ባንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፣ አይምታታበትም። ወሳኙ ነገር በቀን ስንት ሰዓት ቋንቋውን ትሰማለች፣ ስንት ጊዜስ ራሷ እንድትናገር ትገደዳለች የሚለው ነው። የሚገባት ከሆነ ግማሹ መንገድ አልቋል አለ። እንደተጽናናሁ ተሰማኝ። ስሜን ሳይጠራ ግን አንድ ጥያቄ አስቀምጦ ሄደ፤ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገረው ማን ማን ነው ብሎ። ያኔ አልመለስኩለትም።

4ኛ። እንጀራ በምን እንደምንጋግር የጠየቀ ነው። ኋላ እመለስበታለሁ።

ከ5 እስከ 7። እዚህ ላይ ነገሩ ጠንከር አለ። 5ኛው ጸሐፊ ልጄ ታይላንድ ስለተወለደች ታይላንዳዊት ናት፣ አትጨነቅ አለ። 6ኛው ባንኮክ የምትኖር እህት ናት፤ ሰው የማያውቀውን እየጻፈ ቤተሰብ እንዳያሳስት ተቆጣችው። ሁለቱም ወላጅ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ከሆነ፣ እዚህ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም። ከወረዳ ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው የልደት ወረቀት የልደት ወረቀት ብቻ ነው። ትክክል ናት። የልጄ ፓስፖርት ኢትዮጵያዊ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ የተንጠለጠለው በእኔ የሥራ ውል ላይ ነው። በየ90 ቀኑ የአራታችንንም አድራሻ ለኢሚግሬሽን አሳውቃለሁ። ውሌ ካልታደሰ አራታችንም እንወጣለን።

ይህን ሁሌም አውቀው ነበር። ከአማርኛዋ ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። ሁለተኛ ክፍል መሐል ላይ ሥራዬን ባጣ፣ ማንበብና መጻፍ በታይኛ ብቻ የምታውቅ ልጅ ይዤ ነው ቦሌ የምወርደው።

7ኛው ኡዶን ታኒ የሚኖር፣ ታይላንዳዊት ያገባ አባት ነው። የእሱ ልጅ በእናቱ በኩል ታይላንዳዊ ነው። 15 ዓመቱ ነው። የታይላንድ ወንዶች 21 ሲሞላቸው ለውትድርና ዕጣ እንደሚያወጡ አስረዳን፤ ቀይ ካርድ የወጣለት ወታደር ይሆናል፣ ጥቁር የወጣለት ቤቱ ይመለሳል። ከዕጣው የሚያድነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ሊጀምረው ነው። በእኛ በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 378/1996 አለ። ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ልጁ 18 በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካላስመዘገበ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። አባትየው ይህን ለልጁ እንዴት እንደሚነግረው እንደማያውቅ ጻፈ። ማንም መልስ አልሰጠውም። እኔም የምለው አጣሁ።

8ኛ። ሶል ከሚማር ወጣት ነው። ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጠው ኢ-2 ቪዛ ለ7 አገር ዜጎች ነው የተከፈተው፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ሐውልት ቹንቾን ላይ ቆሟል፣ የእኛ ልጅ ግን እዚያው ከተማ ኤ ቢ ሲ ማስተማር አይችልም ብሎ አዘነ።

9ኛ። ጃፓን የምትኖር እህት ናት፤ ወሬውን ከዚያ ቀጠለች። እዚያ ቋንቋ ለማስተማር በዚያ ቋንቋ 12 ዓመት መማርን ይጠይቃሉ። እኛ አብዛኞቻችን በእንግሊዝኛ መማር የጀመርነው 7ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲ ቢጨመርም አይሞላም።

10ኛ። ቻይና የነበረ ሰው ነው። ማስተርሱን ሲማር ማታ ማታ ልጆች ያስጠና ነበር። ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለትርፍ በሚሠሩ የማስጠኛ ማዕከላት ላይ ያወጣው ገደብ ብዙዎቹን ዘጋ። እሱም ያኔ ተወው። በተማሪ ቪዛ ያለ ፈቃድ ማስተማር ቅጣትና ከአገር መባረር እንደሚያስከትል ለአዲሶች አስጠንቅቋል። ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከ11 እስከ 14። ወሬው ወደ ደሞዝ ሄደ። ባንኮክ ያለ መምህር በደላላ ድርጅት በኩል ሲቀጠር፣ ለወላጆች አፍሪካዊ መሆኑን እንዳይናገር እንደተነገረው ጻፈ። ልጁ ገና ተወልዶ ስለነበር እሺ አለ። 12ኛው ሁላችንም ያለፍንበት ነው ብሎ አበረታታው። 13ኛዋ ግን በጣም ተቆጣች። ውሸት የሚነገረው ለወላጆች ብቻ አይደለም፣ የገዛ ልጁም አንድ ቀን ይሰማዋል አለችው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

14ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ደላላ ድርጅት በወር 18,000 ባት ይከፍለኝ ነበር። በዓመት ለ10 ወር ብቻ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚካፈለው እንግሊዛዊ 35,000 ነበር የሚያገኘው። አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ አይደለም ተብዬ የቶይክ ፈተና ተቀመጥኩ፤ የተጠየቅኩት 600 ነው፣ ያመጣሁት 915። ዲግሪዬን አዲስ አበባ ድረስ ልኬ አረጋገጥኩ። የፖሊስ ማስረጃ በአሻራ አስመጣሁ። አሁን ትምህርት ቤቱ በቀጥታ ቀጥሮኛል። ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ኢትዮጵያ እላለሁ። ብዙዎቹ ወላጆች ወዲያው ስለ ቡና ያነሳሉ። 13ኛዋ እህት እውነቷን ነው። አነጋገሯ ግን ልጅ ይዞ ለተቸገረ ሰው ከበደ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ተመለስ።

15ኛ። ይህ ጸሐፊ በግልጽ ሰደበኝ። ወገን በባሕርና በበረሃ እያለቀ የልጅ ካ እና ክራፕ ችግር ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣል ወይ ነው የሚለው። አራት መስመር ነው የጻፈው። ለመመለስ ተነስቼ ተውኩት። ደግ አደረግሁ። ከእኔ የተሻለ መልስ ከ16ኛዋ መጣ።

16ኛ። ኩዌት የሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። የጻፈችው ለሊት ነው፤ ሥራ የምትጨርሰው ያኔ ስለሆነ። ሴት ልጅ አላት። ደሴ ከአያቷ ጋር ነው የምታድገው። ጥላት ስትሄድ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ነበረች፤ አሁን 9 ዓመቷ ነው። አማርኛዋ የሚያስቀና ነው። ተረት ታወራለች፣ ቅኔ የመሰለ ነገር ትናገራለች፣ ትልቅ ሰው አንቱ ብላ ታነጋግራለች። አያቷን እማ ትላታለች። እናቷን ግን በስሟ ነው የምትጠራት። በስልክ ሲያወሩ ልጅቷ ስለ ጤናዋ ትጠይቃታለች፣ ስለ ብሩ ታመሰግናታለች፣ ከዚያ ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች። አንድ ቃል አይጎድልባቸውም። የሚያወሩት ግን የላቸውም።

ለእኔ የጻፈችው ከዚህ በኋላ ነው። ልጄ ስለ ድመቷ በታይኛ የነገረችኝን ሰምቼ ለመተርጎም መቻሌን እንደ ጉዳት መቁጠሬ ገረማት። እሷ የልጇን ድመት አታውቅም። ልጆቼን ለቋንቋ ብዬ እንዳልልካቸው ለመነችኝ። 15ኛውንም ጠቀሰችው። ችግር በሚዛን እንደማይለካ፣ ስለ እሷ ዓይነት ሰው ተቆርቁሮ ከሆነ ግን እንደምታመሰግነው ነገረችው። አንድም የንቀት ቃል የለበትም።

17ኛውና 18ኛው የእግዜር ማጽናናትና ምርቃት ናቸው። ከዚያ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

19ኛ። ዝምታውን የሰበረው ፓታያ ያለ ሰው ነው። ታይላንዶች ሰዓት እንደ እኛ እንደሚቆጥሩ አስተውለናል ወይ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ማታ 7 ሰዓት የሆነው በታይኛ ኑንግ ቱም ነው፣ አንድ ማለት ነው። 8 ሰዓት ሶንግ ቱም፣ ሁለት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፤ እኩል ይሄዳል።

20ኛው ማረሚያ ሰጠ። እኩል የሚሄደው ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ነው። ጠዋት እንደ እኛ የሚቆጥሩት በዕድሜ የገፉት ናቸው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኝም። 21ኛዋ ዘመን አቆጣጠሩን ጨመረች። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፣ ታይላንዶች 543 ዓመት ወደፊት ናቸው። የእኔ ልጅ በታይላንድ ወረቀት 2562 ነው የተወለደችው፣ በፓስፖርቷ 2019፣ ለአያቷ 2012።

ከ22 እስከ 25። እንጀራና ጾም። የኡዶን ታኒው አባት የሩዝ ዱቄትና ትንሽ ስንዴ ቀላቅሎ ሦስት ቀን ያቦካል። ሙቀቱ ኃይለኛ ስለሆነ እርሾው ቶሎ ይነሳል፣ ከሦስት ቀን ካለፈ ይኮመጥጣል። የባንኮኳ እህት ጤፍ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ታስልካለች። ለጾም ጄ የሚለውን ቃል እንድናውቅ መከረች፤ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ይጻፋል፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም። በተለይ በጥቅምት የጄ በዓል ሰሞን መንገዱ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ወጥ ለለመደ ሰው አልጫ ይሆንበታል። የቺያንግ ማዩ ወንድም ጥሬ ቡና ከቺያንግ ራይ ተራሮች ገዝቶ ቤቱ ይቆላል። እኔ የጨመርኩት ይህን ነው፤ በኮራት ካው ኒያው የሚባለው የሚጣበቅ ሩዝ በእጅ እየተጠቀለለ ይበላል። ልጄ የመጀመሪያ ጉርሻዋን ያጎረሰችኝ በእሱ ነው።

26ኛ። ስለ ጭሱ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ማሳ ስለሚቃጠል አየሩ ይበከላል። ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ከ300 በላይ ትምህርት ቤቶች ዘግታ ነበር። ልጅ ያለው ሰው የአየር ማጣሪያ ሳይገዛ እንዳይመጣ የሚል ምክር ነው። እውነት ነው። ትንሹ ልጄ ዘንድሮም እያሳለ ነው።

ከ27 እስከ 30። 27ኛው ለምን ካናዳ አልሄድክም አለ። እንግሊዝኛ ለእንግሊዝ ተወው፣ አንተ ማስተማርህ ማታለል ነው እስከማለት ደረሰ። 28ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጎንደር 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ቋንቋውን ተምሮ የያዘ ሰው ተማሪው የት እንደሚደናቀፍ ያውቃል፣ እሱ ራሱ እዚያ ተደናቅፏልና አሉት። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የክፍሌ ልጆች ኤል እና አር ሲያምታቱ የምረዳቸው የእኔን ፒ እና ቢ አስታውሼ ነው። 29 እና 30 በሁለቱ መካከል የቀጠለ ክርክር ነው፣ አልደግመውም።

31ኛ። ይህን የጻፈችው ሰው ማን እንደሆነች አልተናገረችም። እኔ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አወቅኳት። በገና ዕለት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በረንዳ ወጥቼ ብዙ እንደቆምኩ ጻፈች። ያን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴ ናት። ከጎኔ ባለው ክፍል ሆና ነው የጻፈችው።

መጀመሪያ ያለችው፣ እሷን የጠየቃት እንደሌለ ነው። ልቤ እነሱን ወደመላክ ማድላቱን ያወቀችው እዚህ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አብራ አንብባ ነው። ቀጥሎ የመነሻ ፖስቴን አረመች። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው ማለቴ ልክ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የምታወራቸው እሷ ናት። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ ልጄን በእንግሊዝኛ ነው የማናግራት፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግማሽ እንግሊዝኛ የሆነው ክፍል ስትገባ እንዳትቸገር ብዬ ነው የጀመርኩት። ልጅቷ ከዚያ የተረዳችው፣ አማርኛ የእማዬ ብቻ እንደሆነና አባቷ ቁም ነገር የሚያወራው በሌላ ቋንቋ እንደሆነ ነው። 3ኛው ሰው ጠይቆት ያልመለስኩትን እሷ መለሰችለት።

ሦስተኛው ስለ ራሷ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አካውንታንት ነበረች። እዚህ የያዘችው የጥገኛ ፈቃድ ሥራ አያሠራትም። ሰባት ዓመት ይህን አንስታ አታውቅም። አገር ቤት የመመለስ ወሬ የሚነሳ ከሆነ፣ በልጆቹ አማርኛ ስም ብቻ ሳይሆን በእሷ ሥራ ስምም ይነሳ አለች። የኩዌቷን እህት እህቴ ብላ አመሰገነቻት። ልጆቿ አባታቸውን በስልክ እንዲያውቁት እንደማትፈቅድ ጻፈች።

32ኛ። የእኔ መልስ ነው። ያለችው ሁሉ እውነት ነው ብዬ ጻፍኩ። የመነሻ ፖስቴን አላረምኩትም፤ ስህተቱ እንዳለ ይታይ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ሌላው ክፍል ሄድኩ። ያወራነው እዚህ አይጻፍም። የደረስንበትን ግን የመከራችሁኝ ልታውቁት ይገባል። ልጆቹ አይሄዱም። ልጄ መደበኛው የታይኛ ክፍል ትመዘገባለች። በተረፈው ገንዘብ እናቴን እናመጣለን። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ በማግሥቱ የታይላንዶች አዲስ ዓመት ሶንግክራን ይጀምራል። ሶንግክራን ላይ ልጆች በትልልቅ ሰዎች እጅ ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ ትልልቆቹም ይመርቃሉ። ልጄ በአያቷ እጅ ላይ ለማፍሰስ ካሁኑ ሳህን መርጣለች። የባለቤቴ ሥራ ነገር ግን ገና አልተፈታም። የመምህርነት ፈቃድ በራሷ ስም ማግኘት ትችል እንደሆነ እየጠየቅን ነው።

33ኛ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ተመልሰው መጡ። በቤቱ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ጠየቁኝ። እማማ፣ እስካሁን የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት አባዬ በአማርኛ ብቻ ይላል። ልጄ ፊደሉን ገና ማንበብ አትችልም፣ ቁጥሮቹን ግን ታውቃለች። ትናንት ወንድሟን እጁን ይዛ ወረቀቱ ፊት አቆመችውና በጣቷ እያሳየች ኑንግ ቱም፣ ሶንግ ቱም ብላ አነበበችለት። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና አንድ ሰዓት ሆነ ካ አለችኝ።